የሳጅኑ ቆመጥና የዳኛው ሥልጣን

ሥልጣናቸውን የማያውቁ ባለሥልጣናት በሞሉበት ዘመን፣ የሥልጣናቸውን ወሰን እንደ ቤታቸው ደጃፍ ለይተው የሚያውቁ አንድ ዳኛ ለከተማዋ መመደባቸው እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጠር ነበር። እኚህ ዳኛ በፖሊስ አባላት ላይ የሚቀርብን የወንጀል አቤቱታ እንዲመለከቱ የተሰየሙ ብቸኛው ዳኛ ናቸው። በተሰየሙበት ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ፖሊስ ያለአግባብ ቀጥተው አያውቁም። በአግባቡም ቀጥተው አያውቁም። አቤቱታ ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በካባቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፤ ከዚያ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን ይኑራቸው አይኑራቸው በጥልቀት መመርመር ይጀምራሉ። ምርመራው ሲያልቅ አቤት ባዩ ወይ ድኗል፣ ወይ ሰልችቶታል፣ ወይ አገር ለቅቆ ሄዷል። በዚህም የተነሣ የከተማዋ ፖሊስ በመልካም ሥነ ምግባር በየዓመቱ አንደኛ ይወጣ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ክብር አታውቅም። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፉ ነገር እንደሚመጣ። ሰማዩ ከጠራ ሊዘንብ ነው፤ ልጅ ከሳቀች ሊያማት ነው፤ ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል። ንግግሯ ሁሉ «ወይኔ» ብሎ ስለሚጀምር ጎረቤቱ «እትዬ ወይኔ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ልጇ ላይ ይደርሳል ብላ ያልጠረጠረችው ነገር አልነበረም፤ መኪና፣ ትኩሳት፣ የደረጃ አወዳደቅ፣ የዓሣ አጥንት፣ ባል። ሰልፍ ብቻ አምልጧት ነበር።

ነገሩ የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ልጅቷ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ወደ ሥራዋ ለመሄድ እንደ ሰው ተሰልፋ ቆማለች። አንድ ሳጅን መጣና ሰልፉን በቆመጥ ያስተካክል ጀመር። ሰልፉ ቀጥ ያለ ነበር፤ ከዚያ በላይ ቀጥ ይበል ቢባል ሰዉን መሬት ላይ ማስተኛት ይጠይቃል። ልጅቷ ከእናቷ ፍርሃት ቅንጣት ታህል አልወረሰችምና፣ «ጋሼ፣ ሰልፉ እኮ ቀጥ ብሏል» አለችው። ሳጅኑ ቆመጡን አነሣ። እሷ ፊቷን ልትከልል ቀኝ ክንዷን አነሣች። ሁለቱ አየር ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱም ተሰበሩ።

የመንግሥት ሥራ ይንቀረፈፋል የሚሉ ሰዎች በዚያን ዕለት አፍረዋል። የልጅቷ ክንድ ላይ ጀሶው ሳይደርቅ የቆመጡ መዝገብ ተከፍቶ፣ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት ነበር። ክሱ «በመንግሥት ንብረት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስ» ይላል። ዝርዝሩ ደግሞ፣ «ተከሳሿ ንብረትነቱ የፖሊስ ጣቢያው የሆነን አንድ ቆመጥ በቀኝ ክንዷ በመምታት ከሁለት የሰበረች በመሆኑ» ይላል። ቆመጡ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ታስሮለት፣ ኤግዚቢት ክፍል ገባ። ለክንዱ ቁጥር ያሰበ ሰው አልነበረም። ልጅቷን በዋስ ለቀቋት፤ ጥፋተኛ ከተባለች ስድስት ወር ትታሰራለች። የመጨረሻው ቀጠሮ ወሩ በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ በእኚያው ዳኛ ፊት ነው።

ልጅቷ የራሷን ክስ በግራ እጇ በአራት ኮፒ አንሥታ ለእናቷ አመጣችላት።

«ጥሩ ወጥቷል አይደል?»

«ወይኔ! ምኑ?»

«ኮፒው። ቀለሙን ዛሬ ነው የቀየርነው።»

ልብስ ሰፊዋ አራቱንም ኮፒ ታቅፋ፣ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ዘርግቶ ወደሚውለው ማመልከቻ ጸሐፊ ሮጠች። ሰውዬው ክሱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ከንፈሩን መጠጠ፤ ከሐዘን ይልቅ ለአጻጻፉ አድናቆት ይመስል ነበር።

«ስሚኝ እህቴ» አላት፣ «መውጫው አንድ ነው። አንቺም በበኩልሽ ሳጅኑ ላይ የወንጀል አቤቱታ ታስገቢያለሽ። ዳኛው እስከ ሃያ ሁለት አቤቱታሽን ከተቀበሉት፣ የልጅሽ ክስ ያ እስኪወሰን ድረስ ይቆማል።»

«ወይኔ! ካልተቀበሉትስ?»

«ካልተቀበሉት ሙቅ ልብስ አዘጋጂላት።»

ማመልከቻ ይጽፋል እንጂ ሰው ማጽናናት ሥራው አልነበረም። እሷም በዚያኑ ዕለት ሹራብ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና ወፍራም ካልሲ በፌስታል ቋጥራ በሩ ሥር አስቀመጠች። ልጅቷ ፌስታሉን ከፍታ አየችና፣ «እማዬ፣ ካልሲው ዓመት ሙሉ ሲጠፋብኝ የኖረው ነው። መታሰር ለካ ጥቅም አለው» አለች።

የዳኛው ችሎት ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ነው። የባለጉዳዮቹ አግዳሚ አንድ እግሩ ስለሚያጥር፣ አንዱ ሲነሣ የቀሩት ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ልብስ ሰፊዋ ስሟ ተጠርቶ ስትነሣ ከጎኗ የነበሩት ሦስት ሰዎች በአክብሮት አጎነበሱላት።

«አቤቱታውን በጥሞና ተመልክተነዋል» አሉ ዳኛው። «እጅግ አሳዛኝ ነው። ፍርድ ቤቱ አዝኗል። ሬጅስትራር፣ ፍርድ ቤቱ ማዘኑ ይመዝገብልኝ።»

ሬጅስትራሩ መዘገበ። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፍ፣ ከወረቀት ውጭ ያለ ዓለም እምብዛም የማይጥመው ሰው ነበር።

«አሁን ወደ ሥልጣን እንመጣለን» አሉ ዳኛው መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ሳጅኑ ሥራ ላይ ሳለ መትቶ ከሆነ የፖሊስ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ሥልጣን የለኝም። ሥራ ላይ ሳይሆን መትቶ ከሆነ ግን እንደማንኛውም ግለሰብ ነው፤ ሥልጣን አለኝ። ሥራ ላይ ነበር?»

«የደንብ ልብስ ለብሶ ነበር ጌታዬ።»

«ስለ ልብሱ አልጠየቅኩም።»

«ቆመጥም ይዞ ነበር።»

«ስለ ቆመጡም አልጠየቅኩም። ስለ ሰውዬው ነው።»

«ወይኔ ጌታዬ! እኔ በምን አውቄ? እሱን የሚያውቀው ጣቢያው ነው።»

የዳኛው ፊት በራ። «ድንቅ! እንግዲያው ከጣቢያው ማስረጃ ይቅረብ።»

በነጋታው ልብስ ሰፊዋ የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ ይዛ ወደ ጣቢያው ሄደች። «የሕዝብ ቅሬታ መቀበያ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን በር አንኳኩታ ገባች፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ራሱ ሳጅኑ ነበር። ይህ በአጋጣሚ አልነበረም። በጣቢያው አሠራር ቅሬታ መቀበያ ላይ የሚመደበው ከሁሉ ይልቅ ብዙ ቅሬታ የቀረበበት አባል ነው፤ ለጉዳዩ ቅርብ ስለሆነና ዝርዝሩን ለማስረዳት ሌላ ሰው መጥራት ስለማያስፈልግ።

«ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ» አላት ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር እየሳበላት። «ምን ልታዘዝ?»

የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልጄን... ሰው መትቶብኝ ነው።»

«ኧረ! ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» ብዕሩን አነሣ። «መልኩን ያስታውሱታል?»

«አዎ።»

«ቁመቱ እንዴት ያለ ነው?»

«እንደው... እንደ እርስዎ።»

«ረጅም» ብሎ ጻፈ። «መልኩስ?»

«እሱም እንደ እርስዎ ነው።»

«መልከ መልካም» ብሎ ጻፈ። «አይዞዎት እናቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ተደብቆ አይቀርም።»

ልብስ ሰፊዋ ደብዳቤውን በሁለት እጇ አቀበለችው። ሳጅኑ አነበበ፤ ስሙ ጋ ሲደርስ ጋዜጣ ላይ እንደወጣ ሰው ፈገግ አለ።

«ለካ እኔ ነኝ!» አለ። ቀጥሎ ኮስተር አለ። «ከባድ ነገር ነው የመጣብኝ። ሰው ስለ ራሱ ሲመሰክር ለራሱ ማድላቱ አይቀርም። እኔ ግን ለማንም አላዳላም። እውነቱን ነው የምጽፈው።»

እውነቱን ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ራሱ ማኅተም መትቶ ሰጣት። እንዲህ ይላል፦ «ሳጅኑ በተጠቀሰው ሰዓት የሻይ ዕረፍት ላይ የነበረ በመሆኑ ድርጊቱ ጣቢያውን አይመለከትም። የተሰበረው ቆመጥ ግን ዕረፍት የማይወስድ ንብረት ስለሆነ በዚያው ሰዓት መደበኛ ሥራው ላይ ነበር። ስለዚህ በቆመጡ ምክንያት የተመሠረተው ክስ ይቀጥላል።»

ልጅቷ ደብዳቤውን ኮፒ ስታነሣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እማዬ፣ ሰውዬው ሊቅ ነው። እሱ ሻይ ሲጠጣ ቆመጡ ብቻውን መጥቶ መታኝ ማለት እኮ ነው።»

«ወይኔ፣ ቀስ በይ! ሰው ይሰማሻል።»

«ቆመጥ እንዳይሰማኝ እንጂ ሰውማ ሻይ ላይ ነው።»

ማመልከቻ ጸሐፊው ግን ደብዳቤውን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አንቺ ሴትዮ ዕድለኛ ነሽ! ሻይ ላይ ነበር ብሎ በፊርማው አረጋግጧል። ሻይ ላይ ከነበረ ሥራ ላይ አልነበረም። ሥራ ላይ ካልነበረ ዳኛው ሥልጣን አላቸው። አለቀ!» ልብስ ሰፊዋ «አለቀ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ልቧ ዘለለ፤ አለቀ የሚባለው ለመልካም ነገር ሲሆን ሰምታ አታውቅም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡ። በሦስተኛው ፊታቸው ገረጣ። በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን ሊኖራቸው ምንም ያህል አልቀረውም። ውኃ አስመጡ፤ ጠጡ፤ አራተኛ ጊዜ አነበቡ፤ በመጨረሻ ከመስጠም እንደ ዳነ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ግልጽ ነው» አሉ። «ሰውዬው ዕረፍት ላይ ስለነበረ በሰውዬው ላይ ሥልጣን አለኝ። ቆመጡ ሥራ ላይ ስለነበረ በቆመጡ ላይ ሥልጣን የለኝም። እንግዲህ የቀረን ጭብጥ ክንዷን የሰበረው ሰውዬው ነው ወይስ ቆመጡ የሚለው ነው።»

«ቆመጡን የያዘው እኮ ሰውዬው ነው ጌታዬ።»

«ቆመጡ ባይኖርስ ይመታ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጥ፣ ቆራጩ እሷ ትሁን መቀሱ አንድ ቀን እንኳ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ሳይማሩ መኖር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያኔ ገባት።

«ይህ በወረቀት የሚፈታ አይደለም» አሉ ዳኛው። «ቦታው ድረስ ሄደን ድርጊቱ እንደነበረው ሲደገም ማየት አለብን። ለአሥራ ዘጠኝ።»

በአሥራ ዘጠኝ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በሙሉ ክብሩ ወደ ታክሲ መያዣው ተንቀሳቀሰ። ዳኛው ካባቸውን እንደለበሱ ነው። ሬጅስትራሩ መዝገቡን በብብቱ ይዟል። ልብስ ሰፊዋና ልጇ ከኋላ ይከተላሉ። ተሰላፊዎቹ ሳጅኑን ገና ከሩቅ ሲያዩ ማንም ሳይነግራቸው ቀጥ አሉ። አሮጌው ቆመጥ ኤግዚቢት ስለሆነ ሳጅኑ ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ቆመጥ ከግምጃ ቤት ወጪ አድርጎ መጥቷል፤ ላስቲኩን በጥርሱ ላጠው።

«በልጅቷ ቦታ ማን ይቁም?» አለ ሬጅስትራሩ።

«እኔ አልቆምም» አለች ልጅቷ። «እኔ አንዴ ቆሜያለሁ።»

«ወይኔ፣ እኔ ልቁም» አለች እናትየው።

«አቤቱታ አቅራቢ ማስረጃ ውስጥ አይገባም» አሉ ዳኛው። ወደ ሬጅስትራሩ ዞሩ። ሬጅስትራሩ መዝገቡ ውስጥ አንድ አስቸኳይ ነገር ማንበብ ጀመረ። ያኔ ዳኛው ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ሰልፉ ገቡ። «እውነት ፍለጋ ላይ ፍርድ ቤት ራሱን አይሰስትም» አሉ። ቀጥለውም ሳጅኑን፣ «ልክ እንደነበረው ነው የምትፈጽመው። አትጨምር፣ አትቀንስ» አሉት።

«ትእዛዝ ነው ጌታዬ?»

«ትእዛዝ ነው። ሬጅስትራር፣ ትእዛዝ መሰጠቱ ይመዝገብልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አላስቻላትም። «ወይኔ ጌታዬ፣ እባክዎን ቀስ ብሎ ያድርገው።»

«ወይዘሮ፣ ቀስ ያለ ማስረጃ ደካማ ማስረጃ ነው።»

«እሺ እንደው ትራስ ነገር እጅዎ ላይ ቢጠመጠም...»

«ልጅዎ ትራስ ጠምጥማ ነበር?»

«አልጠመጠመችም።»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ።»

ዳኛው ግራ እጃቸውን አነሡ። ሬጅስትራሩ ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ «ቀኝ ነው የሚለው ጌታዬ» ብሎ አረማቸው። አመስግነውት ቀኙን አነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ መድረክ ላይ እንደወጣ ተማሪ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ሰልፉ እኮ ቀጥ ብሏል» አሉ።

ሳጅኑ ታዛዥ ሰው ነው። አልጨመረም፤ አልቀነሰም።

መጀመሪያ የተሰማው የክንዱ ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ የዳኛው። ዳኛው ያሉት ነገር ቃል በቃል መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ሬጅስትራሩ የችሎቱን ክብር ጠብቆ «ክቡር ፍርድ ቤቱ አስተያየቱን ሰጠ» ብሎ አልፎታል። ቆመጡ ግን ምንም አልሆነም። ሳጅኑ አገላብጦ አየው፣ በመዳፉ ጠረገው፣ እዚያው ቆሞ ሪፖርት ጻፈ፦ «በተደረገው ሙከራ የሕግ አክባሪ ሰው ክንድ ቆመጥ እንደማይሰብር ተረጋግጧል። ስለዚህ ተከሳሿ ቆመጡን የሰበረችው ሆን ብላ ነው።»

ወደ ሆስፒታሉ የመራቻቸው ልጅቷ ነች፤ የአጥንት ክፍሉን መንገድ ከሁሉም ይልቅ ታውቀዋለች። በጠባቡ ኮሪደር ላይ፣ ዳኛው በእናትና ልጅ መካከል ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ።

«ይሄ ወንጀል ነው!» አሉ ዳኛው። ላብ አጥምቋቸዋል። «በጠራራ ፀሐይ! ሰው ፊት! እከሰዋለሁ! የት ነው የሚከሰሰው?»

«እርስዎ ጋ ነው ጌታዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሌላ ዳኛ የለም።»

ዳኛው ይህን ረስተውት ነበር። ሬጅስትራሩ ግን አልረሳም፤ ቅጹን ከብብቱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«አቤቱታ አቅራቢ፣ እርስዎ። ተመልካች ዳኛ፣ እርስዎ። ሳጅኑ በሰዓቱ ሥራ ላይ ነበር?»

«አልነበረም! ማለቴ... ነበር። እኔ አይደለሁ ያዘዝኩት?»

«በትእዛዝ ከተፈጸመ ተጠያቂው ያዘዘው ነው» አለ ሬጅስትራሩ በትሕትና። «ተከሳሽ በሚለው ቦታ ላይም የእርስዎን ስም ልሙላ?»

ዳኛው ቅጹን በግራ እጃቸው ገፉት። «ተወው» አሉ።

«አይዞዎት ጌታዬ» አለቻቸው ልጅቷ። «እንኳን ቆመጡ አልተሰበረ። ቢሰበር ስድስት ወር ነበር።»

ጀሶው ከታሰረላቸው በኋላ ዳኛው እንደ ሌላ ሰው ሆኑ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ልጅቷንም፣ «ሲበርድ ያምማል?» ብለው ጠየቋት።

«ይጠዘጥዛል።»

«ሲያሳክክሽስ ምን ታደርጊያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ቀጭን የኪሮሽ መርፌ አውጥታ ሰጠቻቸው። «በዚህ ነው የማክላት ጌታዬ፤ በጎን በኩል ቀስ ብለው ያስገቡት። እንዳይወጋዎት ግን፤ ወግቶዎት ቢያመረቅዝ ክንዱም ይቆረጣል፣ ከዚያ ደግሞ...»

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

ዳኛው መርፌውን በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ያን ስታይ ደረቷ ውስጥ የማታውቀው ሙቀት ተሰማት። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ብላ ነበር። ተስፋ መሆኑን ስትረዳ ግን ከጉንፋኑ ይልቅ ፈራች።

ሃያ ሁለት ደረሰ። ችሎቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። «አሁንማ ቀምሰውታል» ይል ነበር ጎረቤቱ፤ «አሁንማ ያውቁታል።» ማመልከቻ ጸሐፊው ጥላውን አጥፎ ገብቷል። ሳጅኑ አዲሱን ቆመጥ ጎኑ ላይ አንጠልጥሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዳኛው በጀሶ የታሰረ ክንዳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ሲገቡ ሰዉ ሁሉ ከልቡ ተነሣ።

«ይህ ፍርድ ቤት ሕመም ምን እንደሆነ አያውቅም እየተባለ ይታማ ነበር» ብለው ጀመሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ያውቃል። የዚህችን ልጅ ስቃይ በወረቀት አይደለም፤ በራሴ አጥንት አንብቤዋለሁ። ሸሚዝ መልበስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጫማ ማሰር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአቤቱታው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው!»

ልብስ ሰፊዋ የልጇን ጤነኛ እጅ ጨበጠች። ከኋላ አንዲት ሴት አለቀሰች።

«እንግዲህ» አሉ ዳኛው፣ «ሕመሙን የሚያውቅ ዳኛ ለታማሚው ማድላቱ አይቀርም። ገለልተኛ አይደለሁም። ገለልተኛ ያልሆነ ዳኛ ሥልጣን የለውም። ከዚህ ጉዳይ ራሴን አግልያለሁ። ሌላ ዳኛ ስለሌለም አቤቱታው ዳኛ እስኪገኝለት ድረስ ተዘግቷል። ቀጣይ መዝገብ፣ የቆመጡ።»

«ወይኔ ጌታዬ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሱንስ ማየት ይችላሉ?»

«እችላለሁ። ቆመጥ ሆኜ ስለማላውቅ አላዳላም።»

የቆመጡ ጉዳይ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያህል እንኳ አልፈጀም። ኤግዚቢቱ ቀረበ፤ ሪፖርቱ ተነበበ፤ የሕግ አክባሪ ክንድ ምን እንደሚመስል ዳኛው በአንገታቸው አንጠልጥለው ስለመጡ ተጨማሪ ማስረጃ አላስፈለገም። ጥፋተኛ። ስድስት ወር። ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘጋጅበት የኖረችው ነገር ሲመጣ፣ ያዘጋጀችውን ፌስታል ከአግዳሚው ሥር ሳበችና ለልጇ አቀበለቻት።

ሬጅስትራሩ ውሳኔውን ጽፎ ጨረሰና ብዕር ጨምሮ ከዳኛው ፊት አኖረው። ዳኛው ቀኝ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ክንዱ ከአንገታቸው አልነቀል አለ። ብዕሩን በግራ አነሡ፤ ፈረሙ። ዶሮ የጫረችው መሬት መስሎ ወጣ።

ሬጅስትራሩ የፊርማ ናሙና መዝገቡን ገልጦ አስተያየ። «ይህ ፊርማ የእርስዎ አይደለም ጌታዬ።»

«ፊትህ ቁጭ ብዬ ፈርሜ!»

«ማየቱን አይቻለሁ። ነገር ግን ያየሁትን የማረጋገጥ ሥልጣን የለኝም። ያለኝ የማመሳከር ሥልጣን ብቻ ነው።»

ዳኛው በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ስሕተት ፈልገው አጡ። ሳጅኑ ሊረዳ ፈልጎ ወደ ፊት ራመድ አለ፤ «ጌታዬ፣ ቀኝ እጅዎን እኔ ልያዝልዎት?»

«አትጠጋኝ!» ብለው ዳኛው ከነወንበራቸው ወደ ግድግዳው ሸሹ።

ደንቡ ግልጽ ነበር፤ በመጨረሻው ቀጠሮ ቀን እስከ ሥራ ሰዓት መውጫ ያልተፈረመ ውሳኔ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ መዝገቡ ይዘጋል፤ ዳግመኛም አይከፈትም። ዳኛው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ በግራ እጃቸው አርባ ጊዜ ፈረሙ። አንዱ ከሌላው አልመሰለም። ሬጅስትራሩ አርባውንም በትዕግሥት አመሳክሮ፣ አርባውንም ውድቅ አድርጎ፣ መዝገቡን ዘጋ። ልጅቷ በነጻ ተሰናበተች።

እናትና ልጅ ሲወጡ ሳጅኑ ደረጃው ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አልፋው ሄደች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አለችው።

ሳጅኑ ግራ ቀኙን አየ። «እኔን ነው እናቴ?»

«አንተን ነው። የኔን ልጅ ክንድ ብቻ ሰብረህ ብትተው ኖሮ ዛሬ ታስራብኝ ነበር።»

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ! ሃያ ቀን ሙሉ እውነት የሠራልን እሱ ብቻ ነው።»

ሳጅኑ በሥራ ዘመኑ ከሕዝብ ወገን እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ቆመጡን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዘዋወረ። ወዲያው ግን የቅሬታ መቀበያ ኃላፊነቱ ትዝ አለውና ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። ቃሏን አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ጻፈና አስፈረማት።

ጣቢያው በዓመቱ መጨረሻ ለበላይ አካል ያቀረበው ሪፖርት አጭር ነበር። «በፖሊስ አባላት ላይ ቀርቦ በፍርድ ቤት ተቀባይነት ያገኘ የወንጀል አቤቱታ፦ የለም። ከኅብረተሰቡ የቀረበ ምስጋና፦ አንድ።»